አራተኛው ተተኪ

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም «ምላስ» ይላታል። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ነገረኛ ትመስለዋለች፤ እሷ ግን በቀን አሥር ቃል ከተነፈሰች ብዙ ነው። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። ከጉምሩክ መጋዘኑ ጀርባ ባለችው የናሙና ክፍል ተቀምጣ፣ ከውጭ የሚገባውን ፍራፍሬና ለውዝ ስትቆርጥ፣ ስታሸትና ስትቀምስ ትውላለች። ከዚያ ዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም የቀረጥ ቅጹ፣ ላይ ዕቃው የሚገባበትን የታሪፍ መጽሐፍ ምዕራፍ ትጽፋለች፤ ወይ ምዕራፍ ስምንት፣ ወይ ምዕራፍ ሃያ።

ለማያውቀው ቀልድ ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ፍሬው እንደተቀጠፈ ከመጣ ወይም ደርቆ ብቻ ከሆነ ስምንት ነው። ከተቆላ፣ ማርማላታ ከሆነ ወይም ሽሮፕ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ሃያ ነው። ሃያ ላይ ቀረጡ ይከብዳል። ስለዚህ አስመጪው ሁሉ ስምንት ነው ብሎ ይምላል፤ ኃላፊው ደግሞ ሁሉም ሃያ ቢሆንለት ደስታውን አይችለውም። መሐል ላይ የተቀመጠችው ምላስ ናት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ውሳኔዋ በይግባኝ ተሽራ አታውቅም። የጎዳትም ይኸው ነው።

አሥራ አንዱንም ዓመት ዝውውር ጠይቃለች። ባሏና ልጇ ያሉት በአውቶቡስ ሁለት ቀን የሚያስኬድ ከተማ ነው። እዚህ ስትመደብ «ለስድስት ወር ብቻ» ብለዋት ነበር። ልጅቷ ያኔ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ አሁን ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ሥራውን ጥላ እንዳትሄድ፣ ባሏ ወገቡን ተጎድቶ አልጋ ላይ ከዋለ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ባመለከተች ቁጥር የኃላፊው መልስ አንድ ነው፤ «አንቺ ከሄድሽ ማን አለን?» ማመስገኑ ነው እንግዲህ። እንዲህ ያለ ምስጋና ለጠላቴም አይድረሰው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ፈቀደ። ተተኪ ይመደብላታል፤ ተተኪው ሦስት ወር ሙሉ በእሷ ቀይ እስክሪብቶ ሳይታረም ከሠራ እሷ ትሄዳለች። አንዲት እርማት ከገባች ግን ተተኪው ወደመጣበት ይመለሳል፣ እሷም ትቀመጣለች። ሦስት ሰው መጣ። ሦስቱም ጎበዞች ነበሩ፣ ሦስቱም በመጨረሻው ሳምንት ሕፃን የማይስተውን ሳቱ። አንዱማ ስኳር ጠጥቶ የሚያብረቀርቅ የብርቱካን ልጣጭ ይዞ «ይሄ የደረቀ ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። «እኔ ማስተማር አልታደልኩም» ትል ነበር ምላስ። ከልቧ አምናበት ነው የምትለው።

አራተኛው እኔ ነኝ።

ክፍሏን ገብቼ ዞር ዞር ብዬ አየኋት። መስኮት የላትም። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጠርሙስ፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ የታሪፍ መጽሐፍ። ሽሮፕ ውስጥ የተቀመጠው ቼሪ ከእኔ በፊት ከነበረው ተተኪ ይልቅ ብዙ ቆይቷል። ከጠረጴዛው መስታወት ሥር የልጇ ፎቶዎች አሉ፣ በየዓመቱ አንድ፤ አሥራ አንዱንም ያነሳው ሌላ ሰው ነው። የምላስ ወንበር መቀመጫው ጎድጉዶ የእሷን ቅርጽ ይዟል። እኔ ካገባሁ ገና አራት ወሬ ነበር፣ ሚስቴም ያለችው ሌላ ከተማ ነው። ያቺን ወንበር ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የራሴ ቅርጽ ነው።

ማስተማር አልታደልኩም ማለቷ ውሸት ነው። እንደ እሷ ያስተማረኝ ሰው የለም። ከጨው ውኃ የወጣ ቼሪ አፌ ውስጥ ታስይዘኝና «አላስበላህ አለ አይደል? እንግዲያው ለመንገድ እንዳይበላሽ ብቻ ነው የተቀመጠው፣ ስምንት በል» ትለኛለች። አልሞንድ ስትሰጠኝ ደግሞ «ልብሱን አትመነው። ልብሱ ሁሌም ቡናማ ነው። ለሁለት ክፈለው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ የደረቀ ነው፣ ከጠየመ ተቆልቷል» አለችኝ። በሁለት ወር ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ እለይ ጀመር።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጇ ትደውላለች። የምላስ እጅ ሽሮፕ ስለማያጣው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች፤ እኔም ሳልፈልግ እሰማለሁ።

«እማዬ፣ ስንት ቀን ቀረው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አልጋሽን ከእኔ አልጋ አጠገብ አድርጌዋለሁ። ትምህርቴን ጨርሼ ከቤት ከመውጣቴ በፊት አንድ ዓመት እንኳ አብረን እንደር።»

ያን ጊዜ አፍሬ ያሰብኩትን መተው ነበረብኝ። አልተውኩም። እሷ በወጣች ማግሥት በሩ እኔ ላይ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ኃላፊው «አንተ ከሄድክ ማን አለን?» ሲለኝ ገና ከአሁኑ ይሰማኝ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ሆነ። እኩለ ቀን ላይ ኃላፊው መጥቶ የዝውውር ደብዳቤዋን ሊፈርም ነው። ሻንጣዋ በሩ ሥር ቆሟል። የቀረችው ናሙና አንዲት ኬክ ጋጋሪ ያስመጣችው አልሞንድ ብቻ ነበረች፤ ሴትዮዋ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቃለች። ምላስ ቁልፍ ልታስረክብ ወጣ ስትል አንዷን ፍሬ ለሁለት ከፈልኳት። ውስጧ እንደ ወተት ነጭ ነው። ቀመስኩት፤ እሳት አላየም። ግማሾቹን ኪሴ ከተትኩና ዲክላራሲዮኑ ላይ «የተቆላ፣ ምዕራፍ ሃያ» ብዬ ጻፍኩ።

ተንኮሌ ይግባችሁ። ዝም ብላ ብታልፈው እሷ ትሄዳለች፣ እኔ እቀራለሁ። ግን እንደማታልፈው አውቅ ነበር። ሰው ያለ አግባብ ሲከፍል እያየች ዝም የምትል ሴት አይደለችም። በሐቀኝነቷ ተማምኜ ነው የበደልኳት።

ተመልሳ መጣችና ወረቀቱን አነበበች። ከካርቶኑ አንድ ፍሬ አወጣች። ቢላዋውን ልታነሳ ስትል እጇ ቆም አለ። ጠዋት ራሷ አጥባ ያስቀመጠችው ቢላዋ ስለቱ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ይዟል።

«ከፍለኸው ነበር?»

«አይ እትዬ፣ ውጪውን አይቼ ነው። ቡናማ ስለሆነ…» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ኪስህን አሳየኝ።»

እናቴ እንጂ ሌላ ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ሁለቱን ግማሾች አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። ምላስ አየቻቸው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋ እንኳ ከፍ አላለም።

«ከአንተ በፊት የነበሩት ሦስቱም ያውቁ ነበር ማለት ነው» አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ለኃላፊው ንገሪው፣ እትዬ። ሆን ብሎ ነው በይው» አልኩ።

«ብነግረው አንተን ያባርርሃል። እኔን ግን አይለቀኝም።»

ያልተሞላ ቅጽ ክርኔ ሥር ተከምሮ ነበር። «ያኛውን ልቅደደውና ሌላ ልጻፍ» ማለት እችል ነበር፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ማንም አያውቅም። እሷም ዓይኗን ክምሩ ላይ አድርጋ ትንሽ ጠበቀችኝ። የሚስቴ ከተማ፣ ያቺ የጎደጎደች ወንበር፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ፤ ቅጹን ሳልነካ አንገቴን ደፋሁ።

ቀዩን እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አወጣች። ቦርሳዋ ውስጥ ከአውቶቡስ ቲኬቷ ጋር አብሮ ነበር። ሃያን ሰርዛ ስምንት ጻፈች፣ ፈረመችበት። ወረቀቱን ይዛ ወጥታ ለኬክ ጋጋሪዋ ሰጠቻት፤ ሴትዮዋ ስትመርቃት እስከ ውስጥ ይሰማል። ምላስ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ስልኩ ጠራ፣ እንደ ልማዷ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እማዬ፣ ፈረመልሽ?»

«አልፈረመም።»

ልጅቷ፣ «ያ ልጅም ሳተ?» አለች።

ምላስ ቀና ብላ አየችኝ። «ልጁ ጎበዝ ነው። እኔ ነኝ ማስተማር ያልታደልኩት። አልጋውን ወደ ቦታው መልሺው።»

በወሩ «ለቦታው ብቁ አይደለም» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝና ወደ ሚስቴ ከተማ ተመለስኩ። ኃላፊው እኔንም ለረዳትነት ሊያስቀረኝ ፈልጎ ነበር አሉ። ደብዳቤውን ጽፋ፣ ካልፈረምክ ብላ ቢሮው ቆማ ያስፈረመችልኝ ምላስ ናት።