የኮሌጁ እፍኝ

እናቴ ለወፍጮ እህል ስትሰፍር ከየቁናው አንድ እፍኝ ታስቀር ነበር። የጴንጤ ሴቶች ወግ ነው፤ ተጠራቅሞ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። እዚህ ናዝሬት ያለው ጸሎት ቤታችን በደርግ ጊዜ ሲታሸግ፣ እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። እፍኟ የምትቀነሰው ከእኔ ሆድ ነዋ! እሷ ግን አልተወችም።

«ከእንግዲህ እፍኙ ለኮሌጅሽ ነው» አለችኝ።

ገና ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ኮሌጅ የሚሉትን ነገር አይቼው አላውቅም፤ የሳሳውን እንጀራችንን ግን በየቀኑ አየዋለሁ። ኮሌጅን ከልቤ ጠላሁት።

እፍኙ ጓዳ ባለው በርሜል ይጠራቀማል። ጤፍ ሲኖር ጤፍ፣ ሲጠፋ ስንዴ፣ ሲብስ በቆሎ። ክረምት እህል ሲወደድ በወንፊት ለይታ ልትሸጠውና ብሩን ባንክ ልታስገባልኝ ነበር ሐሳቧ። ጉዱ፣ እህል እስኪወደድ ማቆየት በዚያን ጊዜ «ማከማቸት» ነው፤ ያከማቸ ደግሞ ፀረ ሕዝብ ተብሎ ይታሰራል።

ሰኔ ላይ የቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ። አባቴ ወንጂ ሥራ ላይ ነበር። «ጎረቤት እናሽሸው» ብላት፣ «በሰው ቤት እሳት አልጥልም» አለችኝ።

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ገቡ። አንዱ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ጸሎት ቤቱ ሳይዘጋ አብሮን ይዘምር ነበር። እናቴን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። አለቃው ግን በርሜሉን ከፈተና «ይህ የማነው?» አለ።

«የቤተ ክርስቲያን» ብትል መታሰር፣ «የኔ» ብትልም መታሰር።

«የልጄ ነው» አለች እናቴ። «ኮሌጅ ስትገባ የምትማርበት።»

አለቃው ወደ እኔ ዞረ። «ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ስድስተኛ።»

ሳቀ። «እስክትገቢ ነቀዝ ይጨርሰዋል። ይነሱ እናት፣ ቀበሌ እንሂድ።»

ይኼኔ የሰፈራችን ልጅ ከበርሜሉ ዘግኖ አወጣ። «ጓድ፣ ይህ የነጋዴ እህል አይደለም። ጤፉም በቆሎውም ተደባልቋል። በእፍኝ የተጠራቀመ ነው።»

«አንተ የሴት ጓዳ ከየት አወቅህ?»

«እናቴም... እንዲህ ታደርጋለች።»

አለቃው እሱንና እናቴን አፈራርቆ አያቸው።

«የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» አለ በመጨረሻ። «በል ሴትዮዋን ተዋት፤ እህሉን ግን አንተው ተሸከም።»

ልጁ በርሜሉን ተሸክሞ ወጣ። እናቴ ተርፋልኝ እንኳ ቆሽቴ አረረ። ተርቤ ያጠራቀምኩት ነው፤ ከአፌ የተነጠቀ ነው! ያን ቀን ሳለቅስ ዋልኩ።

በማግስቱ እናቴ የወፍጮውን እህል ሰፈረች። አንድ እፍኝ ቀነሰችና፣ በርሜል የለም፣ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ጨመረችው።

«ደግሞ?» አልኳት በንዴት።

«የወረሱት እህሉን ነው» አለች ቀና ሳትል። «ኮሌጁን አልወረሱም።»

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ከዚያ እጄን ቁናው ውስጥ ከትቼ የራሴን እፍኝ ጣሳው ላይ ጨመርኩ። እጄ ትንሽ ስለነበረች ብዙም አልያዘች፤ እናቴ ግን ጣሳውን ነቅነቅ አድርጋ ቦታ አበጀችላት።