የወይዘሮ ጥሩዬ ግማሽ ፎቶ

ባለፈው ሳምንት ቡሬ አንድ ባንክ ቤት ገብቼ ለመታወቂያ ፎቶ አነሱኝ። ልጅቱ ካሜራውን ጠቅ አደረገችና «ጨርሰናል እናቴ» አለችኝ።

«እስቲ መልሰሽ ክፈቺና አሳዪኝ።»

«ሲስተም ውስጥ ገብቷል እኮ» ብላ ሳቀች። ካላየሁ አልነሳም ስላት ስክሪኑን አዞረችልኝ። ፊቴ እስከ አገጬ አለ። የጃጀሁ ሳይመስላት አልቀረም።

በወጣትነቴ ፍኖተ ሰላም፣ በአንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ እሠራ ነበር። ለገበሬው የመሬት ደብተር የሚታደልበት ዘመን ነው። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። ፎቶውም ከስማቸውና ከማሳቸው ስፋት ጋር እዚያው የኮምፒውተሩ መዝገብ፣ ዳታቤዙ ውስጥ ይገባል። ፕሮግራሙን የሠራልን ባለሙያ ከባሕር ዳር መጥቶ «ሁሉም አንድ ቦታ ስለሆነ ምንም አይጠፋባችሁም» ብሎን ሄደ። አመንነው። ለምን አናምነው?

ጥር ላይ፣ እህሉ ከአውድማ እንደገባ፣ አዲስ የተገዛ ካሜራ ይዘን ወደ ማንኩሳ ወጣን። አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንቋቋል። ሰዉ የበዓል ልብሱን ለብሶ፣ ጠላ እየጠጣ ተራውን ይጠብቃል። ከሁሉም አቶ ሞላና ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ ትዝ ይሉኛል። እሳቸው ዘንግ የሚያህሉ ረጅም፣ ባለቤታቸው ትከሻቸው ሥር የሚቀሩ አጭር። «ሳቄ መጣ፣ ቆዩኝ» እያሉ ወይዘሮ ጥሩዬ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ማታ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተሩ አስገብተን፣ ለነገው ሥራ ካሜራውን ባዶ እናደርጋለን።

አቶ ሞላ በፋሲካ ሰሞን ታመው ሞቱ።

ሰኔ ላይ ወይዘሮ ጥሩዬ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ቢሮ መጡ። የሟች ወንድም «ለሥራ የገባች ሴት ናት እንጂ ሚስቱ አይደለችም» ብሎ ማሳውን አርሶ በቆሎ ዘርቶበታል።

«ልጄ፣ ያንን ፎቶ አውጪልኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን አላነሳችሁንም?»

ስማቸውን ፈልጌ ፎቶውን ከፈትኩት። የአቶ ሞላ ግንባር፣ ዓይናቸው፣ አፍንጫቸው ታየ። ከዚያ በታች ግራጫ ብቻ ነው። ከወይዘሮ ጥሩዬ የተረፈው አናታቸው ላይ ያለው የነጠላቸው ጫፍ ነበር። ሌሎቹን ከፈትኩ። በአዲሱ ካሜራ የተነሳው ሁሉ እንዲሁ ተቆርጧል።

ባለሙያው ጋ ደወልን። ድምፁ ቀዝቀዝ አለ። «ለፎቶ የከፈትኩት ቦታ ጠባብ ነው። ለድሮው ካሜራ ትንንሽ ፎቶዎች ይበቃ ነበር። የአዲሱ ካሜራ ፎቶ ትልቅ ስለሆነ፣ የቻለውን ያህል ተቀብሎ የቀረውን ጥሎታል።»

«ታዲያ ሲጥል ምነው አይናገርም?» አልኩት።



ሌላው ሰው እንደገና ሊነሳ ይችላል። አቶ ሞላን ከየት እናምጣቸው? ስማቸው ከባለቤታቸው ስም ጋር ተመዝግቦ ነበር፤ ወንድምየው ግን «ስም ማንም ያስጽፋል» አለ። አለቃችን አቶ ዳኛቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ክርክር ይፈሩ ነበር። ነገሩን ለአገር ሽማግሌ መሩት። ቢያንስ ይህ ይኑራቸው ብዬ ግማሹን ፎቶ አትሜ ለወይዘሮ ጥሩዬ ሰጠኋቸው። ዝናቡ እንዳያርስባቸው በጡታቸው መሃል ሸጎጡት።

ክረምቱን በሙሉ ሲመላለሱ ከረሙ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ «ለሰላም ሲባል» ማሳውን ለሁለት ከፈሉት። የላይኛው፣ ለም የሆነው፣ ለወንድምየው ደረሰ።

ጥቅምት ላይ ወይዘሮ ጥሩዬ ደብተራቸውን ሊወስዱ መጡ። ብቻቸውን ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ አነሳኋቸው። በዚያን ቀን ሳቅ አልመጣቸውም። ሲነሱ ትክ ብለው አዩኝ።

«ፎቶውንም መሬቱንም ከመሃል ቆረጣችሁብኝ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚያ ይሆናል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣው።

ጥፋቱ የእኔ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ይህን ማወቄ ግን ለእሳቸው ምንም አልፈየደም። ያ ማሽን «ሙሉው አልገባም» የምትል አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ፣ ሰውየው በሕይወት ሳሉ ተመልሰን እናነሳቸው ነበር። አሁንም በማንኩሳ በኩል በመኪና ሳልፍ በቆሎው ከዳር እስከ ዳር እኩል ቆሞ አየዋለሁ። የማን ድንበር የት ላይ እንደሚያልፍ ከመንገድ አይለይም። ዓይኔ ግን መፈለጉን አልተወም።