ወስዶታል ወይስ ወስዷታል

በፖሊስ ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ትንሹም ትልቁም «እትዬ ማስታወቂያ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። በየወሩ መጨረሻ «ከጣቢያው ለነዋሪው» የምትባለውን ባለ አራት ገጽ ወረቀት ጽፋ፣ አርማና አባዝታ የምታወጣው እሷ ናት። የጠፋ ቁልፍ፣ የተገኘ ቦርሳ፣ ለጥገና የሚዘጋ መንገድ፣ ሰክሮ የሰው በር ሲደበድብ የተያዘ አባወራ (ስሙ አይጻፍም፤ ግን ከተማዋ ከመዳፍ ስለማትሰፋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል)፣ ይህን ሁሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጽፋለች። ወረቀቷ በገበያው፣ በትምህርት ቤቱና በክሊኒኩ በር ላይ ትለጠፋለች። ሌላ ነገር አንብቦ የማያውቅ ሰው እንኳ እሷን ሳያነብ አያልፍም።

በዓመት አንድ ጊዜ ግን የፊቱ ገጽ ቀልድ የለውም። በሥራ ላይ ለወደቁ ፖሊሶች መታሰቢያ ይሆናል። ሰባት ነበሩ። ማዕረግ፣ የትውልድ ዘመን፣ ያረፈበት ቀን፤ ዙሪያውን ጥቁር መስመር። እትዬ ማስታወቂያ ሰባቱንም በቃሏ ስለምታውቃቸው ገጹን የምትጨርሰው በግማሽ ሰዓት ነው። አዛዡ ይፈርሙበታል፣ አለቀ። ልቧ ደንድኖ አይደለም፤ ሐዘን መቼም ለባለቤቱ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ልጇ ፖሊስ ሳትሆን በፊት ነው።

ልጅቷ አንድ ለእናቷ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከውጭ ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «እማዬ፣ ፈተናውን አለፍኩ» አለች።

«የምን ፈተና?»

«የፖሊስ ነዋ።»

እናት የምታጥፈውን አንሶላ ለቀቀችው። «ልጄ፣ እኔ እኮ እዚያ ቤት የምውለው ከወረቀት ጋር ነው። አንቺ ከማን ጋር ልትውዪ ነው?»

«ካንቺ ጋር!» አለችና ልጅቷ አንገቷን አቀፈቻት።

ምን ይባላል? ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም።

በጣቢያው አዲስ የተቀጠረ ሁሉ «አጭር የሕይወት ታሪክ» የሚል ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ከአንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ጋር በፖስታ ሆኖ በእትዬ ማስታወቂያ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ለምን እንደሚቀመጥ የሚናገር የለም፤ የማያውቅም የለም። ልጇ ሞልታ የሰጠቻትን ቅጽ እናት አላነበበችውም። አራት ቦታ ቀዳድዳ ጣለችውና ባዶ ፖስታ ላይ የልጇን ስም ጽፋ ከሌሎቹ መሐል ሰካችው። «ሟርት በእጄ አላስቀምጥም» አለች ለራሷ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ልብ አላለም።

በሦስተኛው ክረምት፣ አንድ ጠዋት ወደ አራት ሰዓት ገደማ፣ መንገደኛ የጫነ አውቶቡስ ከከተማው በታች ባለው ወንዝ መሻገሪያ ላይ ውሃ ይዞት መቅረቱ ተሰማ። ሌሊቱን ላይኛው አገር ዘንቦ ወንዙ ሞልቷል። አዛዡ በቅርብ ያገኟቸውን ሁለት ሰዎች ላኩ፤ አንዷ የእትዬ ማስታወቂያ ልጅ፣ ሌላው ጣቢያው በሙሉ «ሳቂታው» የሚለው ፖሊስ ሹፌር።

ሳቂታው ሲወጣ በመስኮቷ አንገቱን አስገባ። «እትዬ፣ ልቤ ጠፍቶብኛልና ያገኘ ይመልስልኝ ብለሽ ጻፊልኝ።»

«ሂድ ወዲያ፣ ቀላጅ! ቀስ ብለህ ንዳ፤ ልጄ አለችብህ።»

«እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው የምነዳው» አለና ሄደ። ልጇ ከኋላው ቢጫውን የዝናብ ልብስ እየቆለፈች ነበር፤ በእጇ ሰላም አለቻት እንጂ አልቆመችም።

የሬዲዮ ክፍሉ ከእትዬ ማስታወቂያ ቢሮ ጋር የሚለየው በስስ ግድግዳ ነው። በሬዲዮው ላይ የሚቀመጡት ጡረታቸው የደረሰ ሳጅን ናቸው። እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ድረስ የልጇ ድምፅ እየተቆራረጠም ቢሆን ይሰማ ነበር። አውቶቡሱ አጋድሏል፣ ገመድ አስረናል፣ አሥራ አንድ ሰው አወጣን። ከዚያ ጸጥ አለ።

«ሦስት ቁጥር፣ ሦስት ቁጥር፣ ይሰማል?» አሉ ሳጅኑ በመኪናው መጥሪያ ቁጥር። የሬዲዮው ሹሹታ ብቻ። «ሦስት ቁጥር!» ሹሹታ።

እትዬ ማስታወቂያ ብዕሯን አስቀመጠች። «ባትሪ ነው» አለች ለራሷ። «ውሃ ገብቶበት ነው።» ጆሮዋ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ስድስት ሰዓት ላይ የሳጅኑ ስልክ ጮኸ። ሳጅኑ ሁለት ጊዜ «ምን? ምን አልከኝ?» አሉ፤ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። እሷ በሩ ላይ ስትደርስ ሳጅኑ መነጽራቸውን አውልቀው ነበር።

«ማን ነው?»

«ወንዙ ማዶ ያለው ባለወፍጮ ነው።» ሳጅኑ ፊቷን ላለማየት መነጽሩን ይወለውላሉ። «አንድ ፖሊስ ውሃ ወስዶታል ይላል።»

የበሩን መቃን ያዘች። «ማንን?»

«ከሩቅ ነው ያየው። የዝናብ ልብስ የለበሰ ነው የሚለው።»

ሁለቱም የዝናብ ልብስ ለብሰዋል።

«ጋሼ፣ በደንብ ያስታውሱልኝ» አለች፤ ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት። «ወስዶታል ነው ያለው ወይስ ወስዷታል?»

ሳጅኑ ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ወስዶታል ያለ ይመስለኛል… መስመሩ ይንጫጫል፣ እትዬ። ደግሞ ከሩቅ ያየ ሰው ሁሉንም ወስዶታል ነው የሚለው። እኔ እንጃ።»

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ዕድሜዋን ሙሉ ፊደል ስትለቅም የኖረች ሴት ናት፤ «ዶ» እና «ዷ» የሚለዩት በጥቂት ጭረት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ዶ ይሁን፤ አምላኬ፣ ዶ ይሁን አለች። ሦስት፣ አራት ጊዜ ካለች በኋላ ነው የምትለምነው ምን እንደሆነ የገባት። «ዶ» ከሁለት ሰዓት በፊት በዚህ መስኮት አንገቱን አስገብቶ የሳቀው ልጅ ነው። ልመናውን ግን አላቆመችም።

በዚህ መሐል የጠረጴዛዋ ስልክ ጮኸ፤ ዘላ አነሳችው። አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ ጠፋ ያልኩሽ የበር ቁልፍ ኮቴ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ማስታወቂያውን አንሺልኝ፤ ጎረቤት እንዳይስቅብኝ።»

«እሺ አባባ» አለች። «ተገኝቷል» ብላም ጻፈች። ጽሑፉ የእሷ እጅ አይመስልም ነበር።

አዛዡ አስጠሯት። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሥራ ግን ሥራ ነው ባይ ናቸው። «የሁለቱን ፖስታ…» ብለው ጀመሩና ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

አመጣችላቸው። የልጇን ከፈቱት፤ ምንም የለም።

«ባዶ ነው።»

«አዎ። ቅጹን እኔ ነኝ የቀደድኩት።»

አዛዡ ፖስታውን ቀስ አድርገው ዘጉት። «እቤትሽ ሂጂ። ሰው አስከትልሻለሁ።»

«የትም አልሄድም። ቤቴ ገብቼ ግድግዳ ከማይ የሬዲዮውን ሹሹታ ብሰማ ይሻለኛል።»

በሬዲዮ ክፍሉ በር ላይ ካለው የእንጨት አግዳሚ ተቀመጠች። ብዙም ሳትቆይ አንዲት ሴት እየተንደረደረች ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያው ሜትር ከአንገቷ አልወረደም፣ ከቀሚሷ ደረት ላይ ሁለት መርፌ እንደተሰካ ነው። የሳቂታው እናት ነበረች። በመንገድ ሰላም ከመባባል በቀር አይቀራረቡም።

«እህቴ፣ ውሃ ፖሊስ ወሰደ እያለ ሰዉ ያወራል። ምን ሰማሽ?»

«ምንም» አለች እትዬ ማስታወቂያ።

ዋሸች። የባለወፍጮውን ስልክ ሰምታለች፣ ፊደሉንም ሰምታለች። ነገር ግን ያንን «ዶ» ከአፏ ብታወጣው የሚበንንባት መሰላት። ልብስ ሰፊዋ ከጎኗ ተቀመጠችና እጇን ፈልጋ ያዘች። ጣቶቿ በመርፌ የሻከሩ ናቸው። እንዲሁ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ሳይተያዩ፣ ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ስምንትም አለፈ። አንድ ወሬ ለሁለት እናት እየመጣ ነበር። ለአንዷ ምሥራች ከሆነ ለሌላዋ መርዶ ነው። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ ሁለቱም አልተናገሩትም። ሳጅኑ በየአምስት ደቂቃው «ሦስት ቁጥር» ይላሉ፤ በተጣሩ ቁጥር የሁለቱ እጅ አንድ ላይ ይጠብቃል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሹሹታው ተሰነጠቀ።

«ማዕከል… ማዕከል…»

የሴት ድምፅ ነው።

እትዬ ማስታወቂያ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ማድረግ የቻለችው እጇን መመልከት ብቻ ነበር፤ የሻከሩት ጣቶች አንድ በአንድ እየላሉ ከእጇ ሲወጡ አየች። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ሬዲዮው አጠገብ ሄደች፤ ሣጥኑ ሰው ይመስል ጎንበስ ብላ፣ «የኔስ?» አለችው።

ሳጅኑ ጠየቁ። መልሱ እየተቆራረጠ መጣ። «…መኪናው ጋ አሁን ነው የደረስኩት… መጨረሻ የቀረችውን ሕፃን አቀብሎኝ… ገመዱ… ዛፍ ላይ ነው የዋልኩት… ሕፃኗ አለች… እሱን አላየሁትም።»

ሳቂታው የተገኘው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ከመሻገሪያው ብዙ ወርዶ፣ ሸለቆው ውስጥ።

ልጅቷ የሰው ካፖርት ደርባ እቤቷ ገባች፤ አራት ቀን ቃል አልተነፈሰችም። እናት አልጋዋ ሥር ተቀምጣ ትንፋሿን ትቆጥራለች። ደስታው ሲመጣባት ታፍራለች፤ ስታፍር ደግሞ ይህች ደስታ እንዳትወሰድባት ትፈራለች። ልጅቷ በአምስተኛው ቀን አፏን ስትከፍት የተናገረችው፣ «እማዬ፣ እሱ እኮ ዋና አይችልም ነበር፤ አልነገረኝም» የሚል ነው።

የዚያ ዓመት መታሰቢያ ሰባት ሳይሆን ስምንት ስም ነበረው። እትዬ ማስታወቂያ የሳቂታውን ፖስታ ከፈተች። ከትውልድ ዘመኑና ከተማረበት ክፍል በታች፣ «ልዩ ችሎታ» በሚለው መስመር ላይ፣ «ሰው ማሳቅ። ዋና ግን እንዳትጠይቁኝ» ብሎ ጽፏል። ይህን ልጅ በማዕረግና በቀን ብቻ፣ በጥቁር መስመር ከብባ መተው አልሆንላት አለ።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ሴትየዋ ከስፌት ማሽኗ ቀና ሳትል አስቀመጠቻትና ቀና ሳትል ሸኘቻት። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው እትዬ ማስታወቂያ እውነቱን አወጣችው። «ዋሽቼሻለሁ። ያን ቀን ሰምቼ ነበር። ወስዶታል ነው የተባለው። ዶ ይሁን እያልኩ እለምን ነበር፤ እጅሽን ይዤ።»

የማሽኑ ድምፅ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«እኔስ ብሰማ ምን የምል ይመስልሻል? ዷ ይሁን ነበር የምለው» አለች። «ሳልሰማውም ብዬዋለሁ፤ ያንቺዋ ትሂድ ብዬ።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት። «ወንበሩን ሳቢና ቁጭ በይ። ስለ ልጄ ምን ልትጽፊ ነው?»

እስኪመሻሽ ተነጋገሩ። በልጅነቱ ነጎድጓድ ሲፈራ ማሽኑ ሥር ገብቶ እንደሚደበቅ፣ የመጀመሪያ የደንብ ልብሱን ራሷ እንዳጠበበችለት፣ ሲስቅ ቀድሞ ጆሮው እንደሚቀላ። እትዬ ማስታወቂያ ሁሉንም ጻፈችው። አዛዡ «በዛ፤ የሌሎቹ ሦስት መስመር ነው» ሲሏት፣ «እንግዲያው የሰባቱንም ቤት እዞራለሁ» አለች። ዞረችም። ባል የሞተባትን፣ አባቱን የማያውቀውን፣ ሁሉንም ጠየቀች፤ መታሰቢያው አራቱንም ገጽ ሞላ። በዚያ ወር የጠፋ ቁልፍ ማስታወቂያ አልወጣም።

ልጇ በሁለት ወሯ ወደ ሥራ ተመለሰች። እናት አልተቃወመችም፤ ማለት በአፏ አልተቃወመችም። በመጀመሪያው ጠዋት ግን የልጅቷን ጫማ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ደበቀችው። ልጅቷ በካልሲ ቤቱን ስትዞር ቆይታ አገኘችውና ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ማሰር ጀመረች።

«ብትሄጅ እሞታለሁ» አለች እናት።

«ባልሄድ እኔ እሞታለሁ» አለች ልጅቷ ማሰሪያውን እየሳበች። «ዛፉ ላይ ሆኜ ያቺ ሕፃን አንገቴን አንቃ ይዛኝ ነበር፣ እማዬ። አሁንም አልለቀቀችኝም።»

እናት ኮቷን ደርባ አብራት ወጣች። ሰማዩ ከላይኛው አገር በኩል ጠቁሯል። ጣቢያው እንደደረሱ ሁለት ሰው ጠርታ ጠረጴዛዋን ከቢሮዋ አስወጣችና ሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ፣ ከሳጅኑ ወንበር አጠገብ አስገባችው። ሳጅኑ ትንሽ ወደ ጎን ተጠጉላት። የወሩን ወረቀት አወጣችና ሹሹታውን እያዳመጠች፣ ስለ መንገድ ጥገናው መጻፍ ጀመረች።