ለቀብር የተሞላ የጉብኝት ቅጽ

ብሊያ ሙዋ ቅጽ መሙላት የጀመረችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ታይላንድ፣ ከላኦስ የሸሹ ሞንጎች ስደተኞች ጣቢያ ተወልዳ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ስትገባ እናትና አባቷ እንግሊዝኛ ይቅርና የገዛ ራሳቸውን የሞንግ ቋንቋ እንኳ ማንበብ አይችሉም ነበር። ስለዚህ የኪራዩም፣ የሐኪም ቤቱም፣ የመብራቱም ወረቀት ለእሷ ነበር የሚሰጠው። የአባቷን የልደት ቀን ጻፊ ሲሏት ዞራ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ሩዝ ሲታጨድ ነው ይላታል። «ሩዝ ሲታጨድ» የሚል ቦታ ደግሞ የትኛውም ቅጽ ላይ የለም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከወረቀት ጋር እንደ አማትና ምራት ናት፤ አትፋታው፣ አትወደው።

አድጋ የልብ መሣሪያ የሚገጣጥም ፋብሪካ ገባች። አሥራ አንድ ዓመት ሠራች። እዚያ እያንዳንዱ ሠራተኛ በገጣጠመው ዕቃ ላይ ቁጥሩን ይፈርማል፤ አንድ ነገር ቢበላሽ የሰው ልብ ላይ ነውና የማን እጅ እንደነካው ይታወቃል። ብሊያ በዓይኗ ያላየችውን አንድም ዕቃ ፈርማ አታውቅም። አለቃዋ «አንቺ ሴትዮ ከማሽኑ ትብሻለሽ» ይላት ነበር፤ ይስደባት ያመስግናት ባታውቅም እንደ ምርቃት ነው የያዘችው።

ትምህርት ቤት የመክፈት ሐሳብ የመጣው አባቷ ሲሞት ነው። ሞንግ ሬሳውን የሚሸኘው በቄንግ ነው፤ ቄንግ ስድስት ቀርቀሃ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ዜማው የተማረ ብቻ የሚለየው ቃል አለው፣ ለሟቹ መንገዱን ይነግረዋል። ከአባቷ ዘመዶች ውስጥ የሚችል አንድ ሰው ጠፋ። አራት ሰዓት መኪና ነድቶ ከዊስኮንሲን ሰው መጣ። ሰውየው ሲነፋ የሰባት ዓመት ልጇ ጉያዋ ገብቶ «እማ፣ ለአያቴ ምን እያለው ነው?» አላት። አላወቀችም። የወለዳት አባቷ ፊቷ ተጋድሞ፣ የሚነገረውን አታውቅም። ያን ዕለት የቆረጣት ነገር እስከ ዛሬ አለቀቃትም።

እናም አምስት ወላጆች ብሊያ ማዕድ ቤት ተሰበሰቡ። ቻርተር ትምህርት ቤት እንክፈት ተባለ። በመንግሥት በጀት ይሄዳል፣ ልጅ አይከፍልበትም፣ የሚመሩት ግን የመሠረቱት ሰዎች ናቸው። ታዲያ በነጻ አይደለም፤ ቃል የምትገባበት ውል አለ፣ ፈቃድ ሰጪው ድርጅት በየአምስት ዓመቱ መጥቶ ቃላችሁን ጠብቃችኋል ወይ ይላል። ካልጠበቅህ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። አምስቱ ወላጆች በደስታ ሰክረው ሁለት ቃል ገቡ። አንደኛው፣ ከመቶ ዘጠና በላይ ልጆች በየቀኑ ክፍል ይገኛሉ። ሁለተኛው የብሊያ ነው፤ ልጆቻችን ሽማግሌዎቻቸውን በወጉ መሸኘት ይችላሉ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! አንደኛው ቃል ሁለተኛውን እንደሚያንቀው አንዳቸውም ልብ አላሉም።

ምክንያቱም የሞንግ ለቅሶ ከዓርብ እስከ ሰኞ ነው፣ ቀንም ሌሊትም። ጎሣው ሁሉ ይቀመጣል። የሚቀር ሰው የለም፤ የቀረ እንደሆነ ለእሱም የሚመጣለት የለም። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ በሞተ ቁጥር ዓርብና ሰኞ የክፍሉ ወንበር ባዶውን ይውላል። ብሊያ ደግሞ ዲግሪ የላትምና በተከፈተበት ቀን የተሰጣት ሥራ ቢሮ ተቀምጦ የቀሪ ልጅ መመዝገብ ነው። የገዛ ቃሏ ሲታነቅ በየቀኑ በእጇ ትጽፋለች።

ከፈቃድ ሰጪው ድርጅት በየዓመቱ ለፍተሻ የምትመጣው ወይዘሮ ኢንጋ ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ተቆጥቶ መገላገል ይቻላል። ኢንጋ ፈገግ ትላለች፣ አመሰግናለሁ ትላለች፣ ከዚያ ሄዳ ትጽፍብሃለች። አምና የወላጆችን ደብዳቤ አገላብጣ አይታ፣ ይህ ልጅ በአንድ ዓመት አራት አያት ሞተውበታል፣ ሰው ስንት አያት አለው ብላ ጠየቀች። ብሊያ በጎሣችን ያለ ሽማግሌ ሁሉ አያት ነው ብላ ግማሽ ሰዓት አስረዳቻት። ኢንጋ ራሷን ስትነቀንቅ ቆይታ «ማጣራት ያስፈልጋል» ብላ ጻፈች። ደግሞ ሁለተኛውን ቃል አሳዩኝ አለች። ቄንግ የሚያስተምረው ሽማግሌ ዋንግ ሌንግ እምቢ አለ። የሬሳ ዜማ ሬሳ በሌለበት አይነፋም፣ ሞት መጥራት ነው አለ። ልጆቹ የዘመን መለወጫ ዜማ ነፉላት፣ አጨበጨበች፣ «ሁለተኛው ቃል ማስረጃ የለውም» ብላ ጻፈች። ታዲያ ማስረጃ እንዲኖር ሰው እንግደል?

ዘንድሮ አምስተኛው ዓመት ነው። ጥር ውስጥ ጉንፋኑም በረዶውም ተባብረው ቁጥሩን አወረዱትና ከመቶ ዘጠና ነጥብ አራት ላይ ቆመ። ከዘጠና በታች ገደል ነው። የኢንጋ የመጨረሻ ፍተሻ መጋቢት ላይ፣ ዓርብ ቀን ተያዘ። በየካቲት አጋማሽ ዋንግ ሌንግ ሞተ።

ብሊያ ስልኩ ላይ እሪ ብላ አለቀሰች፤ የባሏ አጎት ነው፣ አምስት ዓመት ሙሉ ከእሷ ጠረጴዛ ጥግ ሻይ ጠጥቶ ወደ ክፍል የሚገባ ሰው። እንባዋን ሳትጠርግ ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ከሟቹ ጎሣ ከካንግ ስንት ልጅ እንዳለ መቁጠር ጀመረች። ከሁለት መቶ አሥሩ ተማሪ፣ ከነአማቾቹ፣ መቶ አሥራ ሁለት። በራሷ አፈረች። ሰው ሆኜ ነው ይህን የማስበው ብላ ተጸየፈች፤ ቆጠራውን ግን ጨረሰችው።

የለቅሶ አዳራሹ ወረፋ ሦስት ሳምንት ነው። በዚህ ከተማ ሞቶ መቀበርም ተራ መጠበቅ ይፈልጋል። የደረሳቸው ተራ ደግሞ፣ ሌላ ቀን የሌለ ይመስል፣ የኢንጋ ዓርብ ላይ አረፈ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ብሊያ ለቅሶውን ወደሚመራው ወደ ሟቹ ታናሽ ወንድም ወደ ቼር ፓኦ ሄደች። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ቄንግ ከወንድሙ ይበልጣል ይሉታል፤ ግን የሙታንን ዜማ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ማስተማር ነውር ነው ብሎ ትምህርት ቤቱን ረግጦ አያውቅም። አንድ ሳምንት ብንገፋው ብላ በልምምጥ ጀመረች።

«ወንድሜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተኝቶ ተራውን እየጠበቀ ነው» አላት። «አሁን ደግሞ የእናንተን ፈተና ይጠብቅ ነው የምትይኝ?»

«አጎቴ፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል።»

«ይዘጋ! ልጅ ለቅሶ እንዲቀር የሚያስተምር ቤት ምን ሊሠራልን ነው?»

ልጅ ለቅሶ እንዲደርስ ብላ የከፈተችው ቤት መሆኑን ልትነግረው አሰበችና ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች። ዳይሬክተሯ ካ ዙዋ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሆናት የተማረች ልጅ፣ ፍተሻው ይራዘምልን ብላ ለኢንጋ ጻፈች። መልሱ እጅግ ትሁት ነበር። በሐዘናችሁ አዝነናል፣ ቀኑ ግን አይለወጥም። የዚያን ቀን አንዱ መምህር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መጥተዋል ብሎ መሙላት ነው እንጂ ማን ያያል አላት። ብሊያ ዞራ አየችውና ያላየሁትን አልፈርምም አለችው። ካ ዙዋ ፊት ላይ ግን ትንሽ ቅሬታ ነበረ።

ማታ ሳይሆን በጠራራ ቀን፣ ማባዣው ማሽን አጠገብ ቆማ፣ የሚሰደብ ነገር ልፈልግ ብላ የፈቃድ ሰጪውን የደንብ መጽሐፍ ከፈተች። ገጽ ሰባ አንድ ላይ ጉብኝት የሚል ምዕራፍ አለ። ተማሪ ከመምህሩ ጋር ከግቢ ውጭ ቢውል፣ ጉብኝቱ በውሉ ከተገባው ቃል ጋር ከተያያዘ፣ ወላጅ ከፈረመ፣ መዝጋቢ ስም ከጠራ፣ ተገኝቷል ይባላል። ቅጹ ከአሥር የትምህርት ቀን በፊት መግባት አለበት። አሥር ቀን! የትኛው የሞተ ሰው ነው አሥር ቀን አስቀድሞ የሚያስታውቀው ብላ መጽሐፉን ልትከድን ስትል እጇ ባለበት ቀረ። ተራ። የሦስት ሳምንት ተራ። ከቀሩት ቀናት ላይ ቅዳሜና እሑዱን ቀነሰች፤ አሥራ ሁለት። ያን ያማረረችውን ወረፋ በቁጣ ሳቀችበት።

ቅጹን ዕለቱኑ ሞላች። ቀን፦ ዓርብና ሰኞ። ቦታ፦ የለቅሶ አዳራሽ። ዓላማ፦ ሁለተኛው ቃል። ምሳ፦ የበሬ ሥጋ፣ ሩዝ፣ የተፈጨ ቃሪያ፤ ከለቅሶው ቤት። ቅጹ ደግሞ ዝናብ ከጣለ ለመቼ ይዛወራል ይላል። የዚህ ጊዜ እስክሪብቶዋን ልትወረውረው ምንም አልቀራት። «አይዛወርም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ካ ዙዋና እሷ በረዶውን እየረገጡ ለመቶ አሥራ ሁለት ልጅ ፊርማ በየበሩ ዞሩ። ኢንጋ በትሕትና ተቀብያለሁ አለች፤ እኔም እዚያው እመጣለሁ አለች። ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ ብሊያ አልገባትም፤ እንቅልፍ ግን ነሳት።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ፣ ከሩዙ ድስት አጠገብ፣ የስም ዝርዝሯን ይዛ ቆመች። ምራት ናትና ቦታዋ ከሴቶቹ ጋር ማብሰያው ዘንድ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ቀበሌ ሰው ስም ትጠራለች። ቼር ፓኦ አያት።

«ወንድሜ ሬሳ ፊት መዝገብ ትይዣለሽ?»

«እይዛለሁ፣ አጎቴ» አለች። ደክሟት ነበር። «እርስዎ ይስደቡኝ፣ እኔ ልጆቹን ልቁጠር።»

ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ለቅሶው ከበሮ ሄደ። ትንንሾቹ መሬት ተቀምጠው ለሟቹ መንገድ የሚቃጠለውን የወርቅና የብር ወረቀት በጀልባ ቅርጽ ያጥፋሉ። ኢንጋ ጥቁር ለብሳ መጣች፣ የት እንደምትቆም ጠፋት። አንዲት አሮጊት ሥጋና ሩዝ የሞላ ሳህን በአንድ እጇ፣ ለማጠፍ የሚሆን ወረቀት በሌላው እጇ አስያዘቻት። ማስታወሻዋን የምታወጣበት እጅ አልቀራትም። የሦስተኛ ክፍሏ ዬር አጠገብ ተቀምጣ ታጥፍ ጀመር፤ ጀልባዋ ጠማማ ነበረች፣ ዬር እየፈታች አስተካከለችላት።

ቀትር ላይ ታላላቆቹ ነፊዎች ዐረፉ። ለሟቹ የምሳ ዜማ ሲደርስ ቼር ፓኦ ቄንጉን ሊያነሣ ተነሣ፤ የዋንግ ሌንግ ዘጠኝ ተማሪዎች ግን ቀድመውት ከከበሮው ፊት ቆመው ነበር። እየሰገዱ፣ እየዞሩ ነፉ። አንዱ ሳተ፣ ተመለሰ። ቼር ፓኦ ቄንጉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ማብሰያው ዘንድ የነበሩት ሴቶች ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

ኢንጋ ወደ ብሊያ ጠጋ ብላ «ምን እያሉት ነው?» አለች።

ብሊያ አላወቀችም። አምስት ዓመት ስም ስትመዘግብ፣ ቅጽ ስትሞላ፣ አንድ ቀን ክፍል ገብታ አልተማረችም። በአባቷ ለቅሶ ልጇ የጠየቃት ጥያቄ ራሱ ነው። ዬር ከወረቀቷ ቀና ሳትል ነው የመለሰችው፣ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ለኢንጋ፣ ከዚያ በሞንግ ለብሊያ።

«አያቴ፣ ሩዙ ቀርቧል፣ ሥጋው ቀርቧል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ በልተህ ሂድ። ያስተማርከን እኛ ነን፣ አለን፣ ነው የሚሉት።»

ብሊያ በሩ ላይ ተቀመጠችና ዝርዝሩን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። መቶ አሥራ ሁለቱም መጥተዋል።

ሚያዝያ ላይ ደብዳቤው መጣ። ፈቃዱ ለአምስት ዓመት ታድሷል። ሁለተኛው ቃል ተፈጽሟል ይላል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን አንድ ነገር ተጨምሯል፤ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ትምህርት ቤቱ በዓመቱ ውስጥ የሚያደርጋቸውን ተመሳሳይ ጉብኝቶች ከነቀናቸው በተያያዘው ቅጽ ዘርዝሮ በነሐሴ እንዲያስገባ በትሕትና ይጠየቃል።

ብሊያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የምታውቀውን ስድብ ሁሉ በሁለቱም ቋንቋ ተሳደበች። ቼር ፓኦ ጥግ ላይ፣ ወንድሙ ሻይ ይጠጣበት ከነበረው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማታል። ከቀብሩ በኋላ የወንድሜን ቄንግ ልውሰድ ብሎ መጣ፤ የልጆቹ ስግደት ጠማማ ነው አለ፤ ማክሰኞ ተመለሰ፤ ይኸው አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ያስተምራል፣ ነውር ነው ማለቱን ግን አልተወም። ምን ሆንሽ አላት። ዘንድሮ ማን ማን እንደሚሞት ጽፈሽ አምጪ እያሉኝ ነው አለችው።

ሽማግሌው ቅጹ ስንት መስመር አለው አለ። ስድስት አለችው። በጣቶቹ ዜማውን የሚያውቁ እኩዮቹን ቆጠረ። ስድስት አልሞሉም።

«የመጀመሪያው ላይ የእኔን ጻፊው» አለ። «የፈተና ሳምንት ላይ ብቻ እንዳታደርጊው።»

ደወል ተደወለ። ቄንጉን አንሥቶ ወደ ክፍል ገባ። ብሊያ ስሙን በእርሳስ ጻፈች። የቀኑን ቦታ ግን ተወችው፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ አስረክባ አታውቅም ነበር።