ሞራ ገላጯ

ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በመምህራን ሻይ ክፍል፣ ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ፣ «ሞራ ገላጯ መጣች! የዘንድሮን ዕጣችሁን ጠይቋት» አልኩ። ሁሉም ሳቀ። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «ያንተን እንኳ ያለ ሞራም ማንበብ ይቻላል» ብላ ሻይዋን አማሰለች። ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጣበቀባት።

ሥራዋ በደም ውስጥ ያለውን ስብ ማጥናት ነበር። ስብ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ድስትና ቦርጭ ነው። ለእሷ ግን ስብ መልእክተኛ ነው። አንዱ «ጠላት ገባ፣ ተነሱ!» ይላል፤ ሰውነት ይግላል፣ ያብጣል። ሌላው ቆይቶ ይመጣና «በቃ፣ ተመለሱ» ይላል። ዕድሜዋን የሰጠችው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

ነገሩ ከእናቷ ይጀምራል። መገጣጠሚያቸው አብጦ ጣቶቻቸው ተቆልምመው፣ የበር ቁልፍ ማዞር፣ የሹራብ ቁልፍ መቆለፍ ተስኗቸው ነበር። ልጅቱ በየጠዋቱ የእናቷን ሹራብ ቆልፋ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። አንድ ቀን እናትየዋ እጃቸውን አገላብጠው እያዩ፣ «እንግዲህ ይሄን ማን በቃህ ይበለው?» አሉ። ሲቀልዱ ነው። ልጅቱ ግን ቀልዱን እንደ ጥያቄ ያዘችው።

ከሃያ ሁለት ዓመት ድካም በኋላ፣ እንዲህ ባሉ ሕመምተኞች ደም ውስጥ «በቃ» የሚለው ስብ ከጤነኞቹ እጅግ እንደሚያንስ ጽፋ አሳተመች። ዓመት ሳይሞላ አንድ ስመ ጥር ቤተ ሙከራ ሥራውን ደገመውና፣ «ይህን ስብ በጤነኛም በሕመምተኛም ደም ውስጥ አላገኘነውም» አለ።

የኮሌጃችን ዲን ኮሚቴ ሰበሰበ። እኔም ከፍልስፍና ክፍል ተወክዬ ጥግ ይዣለሁ። ጽሑፏን መሳቧን የሚገልጽ ወረቀት ከፊቷ ተቀመጠ።

«ይፈርሙና ይገላገሉ» አለ ዲኑ። «እርስዎስ ሰው አይደሉም? አይሳሳቱም?»

«እሳሳታለሁ። ለመሆኑ እነዚያ ደሙን በምን አስቀመጡት? በመስታወት ነው በፕላስቲክ?»

ዲኑ የዚያን ቤተ ሙከራ ጽሑፍ አገላበጠ። «በፕላስቲክ። ንጹሕ ነው፣ ተጠቅመው ይጥሉታል። በዚህ ዘመን ማን ብልቃጥ ያጥባል?»

«እትዬ ታጥባለች። እኔም አጥባለሁ።» እትዬ የቤተ ሙከራዋ አጣቢ ናት። «ስብ ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል። ቅባት የነካው የፕላስቲክ ሳህን ያጠበ ሰው ያውቀዋል። ፈሳሹን ሲቀዱት ስቡ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። የለም የሚሉት የጣሉትን ነው።»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዲኑ ግን ፊቱ ቀላ። «ኮሚቴው በሳህን አጠባ አይከራከርም! ካልፈረሙ የቤተ ሙከራ ክፍልዎን እንወስዳለን። አሁንስ በቃ!»

ብዕሩን ቀስ አድርጋ ወደ እሱ ገፋችው።

«በቃ የሚለውን እኔ አውቀዋለሁ፤ መልኩ እንዲህ አይደለም። ክፍሉን ይውሰዱት። ፊርማዬን ግን አያገኙም።»

እኔ ምን አልኩ? ምንም። ሠላሳ ዓመት ስለ እውነት ያስተማርኩ ሰው፣ እውነት ከፊቴ ተነሥታ ስትወጣ በሩን እንኳ አልከፈትኩላትም። ዝምታን አስተዋይነት ብለን ስም የምናወጣላት እኛ የተማርን ነን።

እሷና እትዬ ብልቃጦቹን በፎጣ ጠቅልለው፣ ከአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ አጠገብ ወዳለ ዕቃ ቤት ገቡ። ከዚያ አርባ የታጠቡ ብልቃጦች በሣጥን አድርጋ ለዚያ ስመ ጥር ቤተ ሙከራ ላከች። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው፦ «የአንድን ሰው ደም ለሁለት ክፈሉ። ግማሹን በእናንተ፣ ግማሹን በእኔ።» አሥራ አንድ ወር ዝም አሉ። በመጨረሻ መልስ መጣ፦ «በመስታወቱ አለ።»

ይህን ሰምቼ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ በራሷ እጅ ጽሑፍ «ሞራ ገላጭ» ይላል።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እባክሽ ይሄን ስም አንሺው።»

«ምን ሲደረግ! ስሙ የኔ ነው፤ አልመልስልህም። ይልቅ ዓይንህን ሞራ ለበሰው አሉ፤ ስብሰባው ላይ ነው የጀመረህ?»

እትዬ ከት ብላ ሳቀች። የዲኑ ደብዳቤ፣ ወደ ክፍልዎ ይመለሱ የሚለው፣ መልስ ሳያገኝ ከሚንጠባጠቡ ብልቃጦች ሥር ተነጥፎ ርሷል።

«እናትሽ ይህን ቢያዩ» አልኩ።

«ቢያዩስ? ሹራባቸውን አይቆልፍላቸውም። እንደሚያንስ አወቅን እንጂ የሚተካውን ገና አላገኘንም።» ፎጣ ወረወረችልኝ። «ቆመህ አትዘን፤ አድርቅ።»

ሳደርቅ ሳደርቅ ወገቤ ተያዘ።

«አይበቃም?» አልኳት።

«ገና ነው» አለችና ሌላ ሣጥን ከፊቴ አስቀመጠች።