የግድግዳው ቀይ መስመሮች

ቀለም ቀቢው የሰው ቤት ሲያሳምር ኖሮ የራሱን ቤት ዞር ብሎ ያየው፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚያገኛት ፋርማሲስት «እሁድ ቤትህን ልየው እስቲ» ያለችው ዕለት ነው። ልቡ ድንግጥ አለ። ቤቱ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም፤ «ብቻዬን ነው የምኖረው» ብሏት ስለነበር ነው። እውነት ነው ሚስት የለውም፤ ልጅ ግን አለችው። ሚጣ ይላታል፣ ገና ጥርሷን እየቀየረች ነው። እናቷ ሌላ አግብታ ከሄደች ወዲህ አባትና ልጅ ሁለቱ ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ቀን ሳይናገር ቀረ፣ ቀጥሎ አፈረ፣ ከዚያማ ነገሩ እያደር ከበደው። ፋርማሲስቷ ደግሞ «የፊተኛው ዋሽቶኛል፤ ከእንግዲህ የሚዋሸኝን ሰው ዓይኑን አላይም» ብላዋለች። እሱ ደግሞ ክፉኛ ወዷታል።

እሁድ ጠዋት ሚጣን እህቱ ዘንድ ወሰዳት። «ቤቱን ቀለም ልቀባ ነው፣ ሽታው ያሳምምሻል» አላት። እህቱ በሩ ላይ ጎትታ አስቀረችውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅ እንደ አሮጌ ዕቃ ይደበቃል እንዴ?» አለችው። ቤቱ ተመልሶ አሻንጉሊቶቹን በጆንያ አጭቆ አልጋ ሥር ከተተ፣ ትንንሾቹን ጫማዎች ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወረ። የቀረው ሚጣ ቁመቷን እየተለካች የሳሎኑ ግድግዳ ላይ በቀይ ማርከር ያሰመረችው ነበር።

ጉድ የሠራው እዚህ ላይ ነው። ማርከር መጀመሪያ በዘይት ቀለም ካልታፈነ፣ ከላይ የተቀባበትን የውሃ ቀለም ሰርስሮ ይወጣል። ይህን የተማረው ሥራ የጀመረ ሰሞን ነው፤ የሰው ቤት ቢሆን አይዘለውም ነበር። ግን የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፣ እሷ ደግሞ መምጣቷ ነው። ክሬም ቀለሙን ደራርቦ ለቀለቀበትና «ይሁን» አለ።

መጣች። ቤቱን በዓይኗ ዞረችው።

«የወንደላጤ ቤት አይመስልም» አለች እየሳቀች። «መጋረጃው፣ ትራሱ፣ የሴት እጅ አለበት።»

«እህቴ ናት።»

«መስኮቱ ሥር ያለችው ትንሿ ወንበርስ?»

ወንበሯን ረስቷታል። «ጣሪያ ስቀባ እቆምባታለሁ» አለ። ወንበሯ እንኳን እሱን ድመት የምትችል አትመስልም። ፋርማሲስቷ መሳቋን አቆመች።

ከኋላዋ ግድግዳው እየደረቀ ነበር። መጀመሪያ የሳሳ ሮዝ ጭረት ብቅ አለ፣ ቀጥሎ መስመር፣ ከሥሩ ሌላ መስመር። ዓይኑን ሊነቅል ቢፈልግ እምቢ አለው።

«በረንዳ ላይ ብንቀመጥስ?» አለ፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው።

ዓይኑን ተከትላ ዞረች። ጎንበስ ብላ መስመሮቹን ከታች እስከ ላይ አየቻቸው። ከላይኛው አጠገብ በተንጋደደ ፊደል «እኔ» የሚል ተጽፏል።

«ልጅ አለህ።»

«አዎ። ሴት ናት።»

«የት ናት?»

«እህቴ ጋ።»

«ደውልላት። ድምፁን ክፈተውና ደውልላት።»

ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ራሷ ሚጣ ነበረች።

«አባዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «ሴትዮዋ ሄደች? አሁን መምጣት እችላለሁ?»

እንግዳ ይመጣል ብሎ አልነገራትም ነበር። ስለ ቀለሙ አንድ ቃል አላነሳችም። ፋርማሲስቷ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማለች፤ አልተቀመጠችም፣ ወደ በሩም አልሄደችም።

«አልሄደችም» አለ። «ብትሄድም ባትሄድም፣ ቤትሽ ነው ልጄ። ጫማሽን አድርጊ፣ መጣሁ።»