ወንድሜ «አባባን አገናኚኝ» አለኝ

ወንድሜ ዛሬ ከአሜሪካ ደውሎ «እስቲ አባባን አገናኚኝ» አለኝ። አባባን አምና አብረን ነው የቀበርነው።

ወንድሜ የተወለደው እዚሁ ሰፈራችን ካርቲየ 7 ቢስ ነው፤ በልጅነቱ አጎታችን ወደ አሜሪካ ወሰደው። ክንዱ ጠንካራ ስለሆነ አሁን በኮሌጁ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ኳስ ወርዋሪውና ጨዋታ መሪው እሱ ነው። (እማማ ዛሬም በእግሩ የሚጫወት ይመስላታል።)

ትናንት ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደቀ፤ ተነስቶ ግን ጨዋታውን ጨረሰ።

«አባባ እኮ ሞቷል» አልኩት።

«መርሳቴን ለማንም እንዳትናገሪ፤ ቦታዬን ይወስዱብኛል። ቅዳሜ እጫወታለሁ» አለኝ።

ለአጎታችን ነገርኩት፤ እሱም «ተይው፣ ዕድሉን አታበላሺበት» አለኝ።

አልተውኩትም። ለአሰልጣኙ ጻፍኩለት። አንብቦታል፤ አልመለሰልኝም።

ጭንቅላቱን ተመትቶ እንዲህ የሆነ ሰው ያላችሁ፣ ምን አደረጋችሁ? እባካችሁ ከቅዳሜ በፊት ንገሩኝ።